ቡናው ሲቀላ ጅማ ላይ፦ የአንድ የሥዕል መጽሐፍ የጉዞ ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ መንገድ

ስለ ቡና የሚተርክ የልጆች መጽሐፍ ሊሠራ ወደ ጅማ የሚሄድ ደራሲ ከሁሉ በፊት ወሩን መምረጥ አለበት። ቡና ነጭ አበባውን የሚያወጣው በበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ማግስት፣ የካቲትና መጋቢት አካባቢ ነው። ከአበባ እስከ ቀይ እሸት ስምንት ዘጠኝ ወር ይፈጃል። ለቀማውን ማየት የሚፈልግ ሰው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መሄድ አለበት፤ ይህ ጉዞም ለዚህ ነው በኅዳር የሆነው። ይህን ያልጠየቀ ሠዓሊ አበባውንና ቀዩን ፍሬ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ያስቀምጣቸዋል። የአዲስ አበባ ልጅ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ የጅማ ልጅ ግን ገጹን ገና ሲገልጥ ያውቅበታል።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ አበልቲ ይወጣል፣ ከዚያ በሰኮሩ፣ በአሰንዳቦና በሰርቦ ይዘልቃል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መነሳት ይሻላል፤ ጊቤ በቀትር ይሞቃል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭነት መኪናው ይበዛል። ጠመዝማዛው ላይ መጻፍ አይሞከር፤ እጅም ፊደልም ይበላሻል፣ ሆድም ይታወካል። የሚሠራው ነገር የድምፅ ማስታወሻ ነው፦ በየከተማው መግቢያ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም በዓይን ስለታየ ነገር ብቻ። «ውብ መልክዓ ምድር» ብሎ የቀዳ ሰው ማታ ሲያዳምጠው ምንም አያገኝም። «ከድልድዩ በታች ውሃው ቡናማ ነው፣ ፍየሎቹ ጥላ ሥር ተደርድረዋል» ያለ ግን ሥዕል ይዞ ገብቷል።

ቦርሳው ውስጥ የነበረው ይህ ነው፦ መስመር የሌለው ትንሽ ደብተር፣ ሁለት 2ቢ እርሳስና መቅረጫ (እስክሪብቶ በጠዋት ጤዛ ይፈስሳል)፣ 3 ሜትር የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ስልክና ትርፍ ባትሪ፣ ኤ4 ወረቀት፣ መርፌና ወፍራም ክር። ሜትሩን ብዙ ደራሲ አይዝም። ወደ ኋላ ለምን እንደሚያስፈልግ ይታያል።

ማታ ከእራት በፊት አንድ ሥራ አለ፦ የቀኑን ማስታወሻ በንጹሕ መገልበጥ። አንድ ቀን ያደረ አጭር ቃል ይፈታል፤ ሦስት ቀን ያደረ አይፈታም። መጻፉ ራሱ ግን የጠዋት ሥራ ነው፣ ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ሰው ሳይነሳ።

ረቡዕ፣ ጅሬን

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። ባጃጅ ይወጣዋል፤ መመለሻውንም አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነበር። ለቡናው መጽሐፍ ከዚህ የሚወሰደው ጥቂት ነው፤ ለቀጣዩ፣ ከ9 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች ለታሰበው የታሪክ መጽሐፍ ግን እዚህ ሙሉ ቀን ያስፈልጋል።

ልጆች ስለ ንጉሥ የሚጠይቁት ጥያቄ አዋቂ ከሚጠይቀው ይለያል። ቁመቱ ስንት ነው? የት ይተኛ ነበር? ፈረሱ ማን ይባላል? የመጨረሻው ጥያቄ ጅማ ላይ ወርቅ ነው፤ የንጉሡ መጠሪያ ራሱ የፈረስ ስም ነውና። «አባ ጅፋር» ጅፋር የተባለው ፈረስ ባለቤት ማለት ነው፤ የአካባቢው መሪዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ገጽ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ሜትሩ የሚወጣው እዚህ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ቁመት 1.20 ሜትር ገደማ ነው፤ ዓይኑ 1.10 ላይ ነው። ፎቶ ሲነሳ ስልኩን በዚያ ከፍታ ላይ መያዝ፣ ማለትም መንበርከክ። በረንዳው፣ የእንጨት ደረጃውና የበሩ ደፍ ከአዋቂ ዓይን ሲታዩ ጌጥ ናቸው፤ ከ1.10 ሲታዩ ተራራ ናቸው። የአንዱ ደረጃ ከፍታ፣ የበሩ ስፋት፣ የምሰሶው ዙሪያ ይለካል፣ ይጻፋል። ለሠዓሊው «ትልቅ በር» ብሎ ከመንገር ቁጥሩን መስጠት ይበልጣል። ፎቶ ማንሳት የሚቻልበትንና የማይቻልበትን አስቀድሞ አስጎብኚውን መጠየቅ፤ ግቢው መስጊድም ያለበት ነው።

አንድ ከባድ ነገር እዚህ መወሰን አለበት። የጅማ ንግድ ቡና፣ ማርና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ለአምስት ዓመት ልጅ በሚጻፍ የቡና ታሪክ ውስጥ ይህ ቦታ የለውም። ለ10 ዓመት ልጅ በሚጻፍ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ግን መደበቅ ውሸት ነው፤ በአጭር፣ በቀጥታ፣ ያለ ማስፈራሪያ ሥዕል ይነገራል። ልጁ በኋላ ከሌላ ሰው ቢሰማው ያ መጽሐፍ የልጁን እምነት ያጣል።

ሐሙስ፣ ሂርማታ

የጅማው ሂርማታ ከድሮ ጀምሮ የሐሙስ ገበያ ነው፤ ሲራራ ነጋዴ ከየአቅጣጫው የሚገናኝበት ነበር። ማልዶ መግባት ይሻላል፦ ሰው ሸቀጡን ሲያወርድና ሲደረድር የሚታየው እንቅስቃሴ ለሥዕል ገጽ ይበቃል፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ግን ሰው ሰውን ስለሚጋርድ ምንም አይታይም።

እዚህ የሚሰበሰበው የመስፈሪያው፣ የመያዣው፣ የድምፁ ዝርዝር ነው። በርበሬው በጣሳ፣ ሽንኩርቱ በመደብ፣ ማሩ በኪሎ። ኮረሪማው በምን ላይ ተሰጥቷል? ጎደሬውን የምትሸጠው ሴት በምን ላይ ተቀምጣለች? ልጅ መጽሐፍ ውስጥ ገበያ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው የሚያውቀውን ዕቃ ነው፤ ካገኘው ታሪኩንም ያምናል። ከሰው ፊት ይልቅ እጅንና ዕቃን ማንሳት ይመከራል፤ ለፊት ፈቃድ ይጠየቃል። ከሻጭ ላይ ትንሽ ነገር ሳይገዙ ጥያቄ ማብዛትም ደግ አይደለም።

የጅማ ባርጩማ ለብቻው መነገር አለበት። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ፣ ባለ ሦስት እግር ነው፤ ማጣበቂያም ሚስማርም የለውም። ለዚህ ሥራ ዋንዛ ይወደዳል፣ ለመጥረብ ለስላሳ፣ ሲደርቅ ቀላል ስለሆነ። ሦስት እግር የሆነበት ምክንያት ለልጅ የሚነገር ትንሽ ሳይንስ ነው፦ ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ በአንድ ጠለል ላይ ይውላል፤ ስለዚህ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም። አራተኛ እግር ሲጨመር አንዱ አየር ላይ ይቀራል። ሠዓሊዎች ከልማድ አራት እግር ይሥሉለታል፤ በማስታወሻው ላይ በቀይ መጻፍ ያስፈልጋል። እንጨቱ በፀሐይ ቶሎ ከደረቀ መቀመጫው ይሰነጠቃል፤ ጠራቢዎች ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ማታ የተረት ጊዜ ነው። ጅማ ላይ ብዙ ቤት በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይነጋገራል። ተራኪዋ እናት በየትኛው ቋንቋ ሲናገሩ ፊታቸው እንደሚፈታ አይቶ በዚያው መቅዳት፤ ወደ አማርኛ መመለስ የኋላ ሥራ ነው፣ ያውም ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ጋር። በአማርኛ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ አድማጭ መኖር አለበት። ለስልክ ብቻ የተነገረ ተረት ደረቅ ይሆናል፤ ስለዚህ የቤቱ ልጆች ፊት ለፊት ይቀመጡ። ስልኩን በታጠፈ ነጠላ ላይ፣ ከአፍ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ አርቆ። ቀረጻን የሚያበላሸው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው፤ ከጀመረ ማቆም ይሻላል፣ በኋላ የሚጸዳ ድምፅ አይደለም። ከመጀመር በፊት ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ተረቱ እንዲታተም ይፈቅዱ እንደሆን፣ ስማቸው እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ፣ ተረቱን ከማን እንደሰሙት። መልሱ በራሳቸው ድምፅ ይቀዳል። ቡናና ስኳር ይዞ መሄድ እንግዳ የሚያደርገው ነው፤ መጽሐፉ ገንዘብ ካመጣ ደግሞ ድርሻቸውን አስቀድሞ መነጋገር ተገቢ ነው።

ዓርብ፣ አጋሮ

ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የጎማ ወረዳ ቡና አገር። በዓርብ ቀን ሥራው ለጠዋት ይታቀዳል፤ በጁምዓ ሶላት ሰዓት ጥያቄ ይዞ ሰው ቤት መሄድ አይገባም።

የጮጬ መንደር እዚሁ ጎማ ውስጥ ናት፤ ቡናን ያስገኙት የተረቱ ፍየሎች ቡና በልተው የዘለሉት እዚህ ነው ትላለች፣ ከፋም የራሱን ቦታ ያሳያል። ይህ የፍየል ጠባቂ ታሪክ በጽሑፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ በታተመ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ በተረትነቱ ይነገር እንጂ «በእውነት የሆነ» ተብሎ ለልጅ አይሰጥ። የአረቢካ ቡና የትውልድ አገር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑ ግን ተረት አይደለም፤ እሱ ያለ ማመንታት ይጻፋል።

አሁን ዛፉ። ቡና ፍሬው እንደ ብርቱካን ተለያይቶ ጫፍ ላይ አይንጠለጠልም። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይወጣሉ፣ አንጸባራቂና ዳራቸው ሞገድ ያለው፤ ፍሬው በቅጠሎቹ ብብት ቅርንጫፉን ተከትሎ ተቃቅፎ ይሰፍራል። በአንዱ ዘለላ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አብረው ይገኛሉ፤ ለዚህም ነው ለቃሚ አንዱን ዛፍ ደጋግሞ የሚመለስበት። በላዩ የጥላ ዛፍ አለ፦ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብርብራ። ፀሐዩ ተቆራርጦ ነው የሚወርደው። በሥዕሉ ላይ ሰማዩ ሜዳ ሰማያዊ ሆኖ ከተሣለ ደኑ ጠፍቷል ማለት ነው። ጉሬዛ በዚህ ጥላ ውስጥ ይገኛል፤ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ለልጅ መጽሐፍ የተፈጠረ ይመስላል፤ በብዛት ቅጠል በል ነው፣ ስለዚህ የቡና ሌባ አድርጎ መሣል ይበድለዋል። ሌባ ካስፈለገ ጦጣ አለች።

ከዚያ ሥራው፣ በተራ። ቀይ እሸት ይለቀማል። በደረቅ መንገድ የሚዘጋጀው ያንኑ ቀን በሽቦና በሣጠራ በተሠራ አልጋ ላይ በስሱ፣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት ይሰጣል። ከበዛ ከሥር ይሻግታል። ቶሎ ቶሎ ይገላበጣል፣ ማታ ከጤዛ ይሸፈናል። እንደ ፀሐዩ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል፤ እርጥበቱ ወደ 12 ከመቶ ሲወርድ ጀንፈል ሆኗል። የጀንፈል ከረጢት ሲነቀነቅ ይንኳኳል፣ ይህን ድምፅ መቅዳት ነው። የታጠበ ቡና ሌላ መንገድ አለው፦ በዚያው ቀን ይፈለፈላል፣ አንድ ሁለት ቀን በገንዳ ይብላላል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ይሰጣል። ለአምስት ዓመት ልጅ ሁለቱን መንገድ በአንድ መጽሐፍ መክተት አያስፈልግም። ቤት ውስጥ በሙቀጫ የሚያልቀውን፣ ደረቁን መምረጥ ይሻላል፤ ልጁ እጁን ሊያስገባበት የሚችለው እሱ ነው።

ታሪኩ የተገኘው ከዚህ ስሌት ነው። 6 ኪሎ እሸት ሲደርቅ 2 ኪሎ ገደማ ጀንፈል ይሆናል። ጀንፈሉ ተወቅጦ በሰፌድ ሲበጠር 1 ኪሎ ያህል ጥሬ ቡና ይቀራል። 1 ኪሎው ሲቆላ ደግሞ ከ150 እስከ 200 ግራም ያጣል። ለገበሬ ይህ የታወቀ ነገር ነው። ለልጅ ግን ምሥጢር ነው፦ ቅርጫት ሙሉ ለቅማ መጨረሻ ላይ በእፍኝ የምታገኝ ልጅ «ቡናዬን ማን በላው?» ማለቷ አይቀርም። ጦጣዋን ትጠረጥራለች፣ ፍየሏን ትጠረጥራለች፣ ወንድሟን ትጠረጥራለች። የበሉት ግን ፀሐዩ፣ ሙቀጫው፣ ሰፌዱና ምጣዱ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በአንድ ገጽ ይያዛሉ። ልጅቷ ሰሚራ ተባለች፤ አያቷን በጅማ ቤቶች እንደሚባለው «አኮ» ትላለች። መጨረሻው የታወቀ ነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ጎረቤቱም በሙሉ። ጥቂቱ ቡና ሰው ሁሉ የሚጠራበት ሆነ።

ቅዳሜ፣ ቦዬ፤ ከሰዓት ንባብ

ቦዬ ረግረግ ከከተማው ጥግ ነው። ጉማሬ አለበት። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ስለዚህ ማለዳ ከሩቅ መታየቱ የተሻለ ነው። በመንገዱና በውሃው መካከል መቆም አደገኛ ነው፤ ቦታውን ከሚያውቅ የአካባቢው ሰው ጋር ብቻ መሄድ። ባለ 8 እጥፍ አቅርቦ ማሳያ መነጽር ይበቃል። ራሱ ላይ ወርቃማ አክሊል ያለው ረጅም እግሩ ወፍም ከረግረጉ ዳር ይታያል። ለወፍ ፍቅር ያለው ደራሲ እዚህ ቀኑን ሊረሳ ይችላል፤ ለሚቀጥለው የተፈጥሮ መጽሐፍ አንድ ነገር ብቻ ተይዟል፦ ጉማሬ እንደ ዓሣ አይዋኝም፣ ከውሃው ሥር ያለውን መሬት እየረገጠ ነው የሚሄደው።

ከሰዓት በኋላ ረቂቁ ለልጆች ይነበባል። ከወላጆች ፈቃድ ተጠይቆ፣ በአንድ ግቢ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ልጅ። ከዚያ ከበለጡ ዝም የሚሉት አይታወቁም። መጀመሪያ ያለ ሥዕል ይነበባል። ሌላ ሰው አጠገብ ሆኖ ልጆቹ ዓይናቸውን ያነሱበትን መስመር ዳር ላይ ምልክት ያደርግበታል። «ወደዳችሁት?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ልጆቻችን ጨዋ ናቸው፣ አዎ ይላሉ። ይልቅ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብሎ ማስነገር ነው። የዘለሉት ክፍል ወይ አይረዳም ወይ አያስፈልግም። የሚያነሱት ክርክርም ይጻፋል፦ «6 ኪሎ እኮ አትችልም» የሚል ልጅ ትክክል ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ያን አትሸከምም፣ ቅርጫቱ ለሁለት መከፈል አለበት።

ሁለተኛው ንባብ የእናት ወይም የታላቅ እህት ነው፤ ደራሲው አፉን ዘግቶ ያዳምጣል። አንባቢዋ የተደናቀፈችበት ቦታ የዓረፍተ ነገሩ ጥፋት ነው። በአማርኛ ትልቁ መደናቀፊያ የማይጻፈው ጥብቀት ነው። «ጦጣው ይበላል» የሚለው ሳይጠብቅ ጦጣው ጠግቧል፣ ሲጠብቅ ደግሞ ምሳ ሆኗል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ «ጦጣው ሙዝ ይበላል»። «‹ቡናው አለ› አለ» የሚለውም «‹ቡናው ይኸው› አለ» ይሁን። አንድ ዓረፍተ ነገር ከስምንት ቃል ካለፈ ልጁ ግሡ እስኪመጣ ባለቤቱን ይረሳል።

ግሡ መጨረሻ መምጣቱ ግን ለሥዕል መጽሐፍ ትልቅ ሀብት ነው። በቀኝ ገጽ ግርጌ «ጦጣዋ ወደ ቅርጫቱ ቀስ ብላ ቀረበችና…» ተብሎ ይቆማል፤ ገጹ ሲገለጥ «ሸሸች!»። ልጁ ገጹን ራሱ ለመግለጥ እጁን ይዘረጋል። ይህ በየገጹ ከሆነ ይሰለቻል፤ በአንድ መጽሐፍ ሦስት ቦታ ይበቃዋል።

እሑድ፣ መስፋት

ዛሬ የመጽሐፉ ናሙና በእጅ ይሰፋል። ስምንት ኤ4 ወረቀት ከመሐል ሲታጠፍ 32 ገጽ ነው። በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ የገጽ ብዛቱ ለ4 መካፈል አለበት፤ ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት አጥፎ ስለሚቆርጥ ደግሞ ለ8 ወይም ለ16 ቢካፈል ብክነት ይቀንሳል። ገጽ 1 ርዕስ፣ 2 የሕትመት መረጃ፣ 3 መታሰቢያ። ከ4 እስከ 31 ታሪኩ፣ 14 ጥንድ ገጽ። ገጽ 32 ላይ የቡናው ስሌት በትንንሽ ሥዕል። ጽሑፉ በሙሉ ከ300 እስከ 450 ቃል፤ በጥንድ ገጽ 30 ገደማ። ከዚያ ከበለጠ ሥዕሉ የሚናገረውን ቃሉ እየደገመ ነው፤ «ቀይ ቅርጫት» ማለት አያስፈልግም፣ ይታያል።

ገጾቹ ሳይሰፉ በፊት ወለል ላይ በተራ ይዘረጉ። ዓይን አንድ ላይ ሲያያቸው ችግሩ ይታያል፦ ሦስት ተከታታይ ገጽ ቤት ውስጥ፣ ወይም ልጅቷ ሁልጊዜ በአንድ መጠን። አንዱ ገጽ ከሩቅ ደኑን፣ ሌላው ከቅርብ እጇን ብቻ ማሳየት አለበት። ከዚያ በመሐል እጥፋት ላይ በመርፌና በክር ይሰፋል። ስቴፕለር መሐሉ ላይ ስለማይደርስ ነው ክሩ የተያዘው።

ከሚበላሹት መካከል፦ ስምንት ወረቀት ተደራርቦ ሲታጠፍ የውስጦቹ በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ሲከረከም ከጠርዝ የተጠጋ ፊደል ይቆረጣል። ስለዚህ ጽሑፍ ከጠርዝ ቢያንስ 10፣ ከስፌቱ 15 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ሥዕሉ ግን ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር አልፎ ይሣል፣ አለበለዚያ ነጭ መስመር ይቀራል። የልጅቷ ፊት ስፌቱ ላይ እንዳይውል። የፊደሉ መጠን ከ20 እስከ 24 ፖይንት፤ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ በላያቸው ባለው ትንሽ ምልክት ብቻ ስለሚለዩ ቀጭን ቅርጽ ያለው ፊደል ለጀማሪ አንባቢ አይሆንም። ነጭ ጽሑፍ በጥቁር ሥዕል ላይ ማየት ያምራል፣ ማተሚያው ቀለሞቹን ትንሽ ካዛነፈ ግን ፊደሉ ይደፈናል።

ሰኞ፣ መመለሻ

ለሠዓሊው የሚሄደው ጥቅል ይህን ይዟል፦ የተሰፋው ናሙና፣ በየገጹ ቁጥር የተሰየሙ ፎቶዎች (በቀን የተሰየመ ፎቶ ማንም አያገኘውም)፣ የደረጃው፣ የባርጩማውና የሙቀጫው ልክ በሳንቲ ሜትር፣ እና አንድ ገጽ «አይሣል» ዝርዝር፦ አበባና ቀይ ፍሬ አብረው፣ ባለ አራት እግር ባርጩማ፣ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ቡና፣ ቡና የሚሰርቅ ጉሬዛ፣ ጥላ የሌለው ማሳ።

ሁለተኛ ናሙና ጅማ ይቀራል፣ ንባቡ የተደረገበት ቤት። ለቤቱ ልጆች ማታ ማታ ይነበብላቸዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደውሎ የሚጠየቀው የትኛው ገጽ እንደቆሸሸና እንደተቀደደ፣ የትኛውስ እንደ አዲስ ንጹሕ ሆኖ እንደቀረ ነው። ንጹሑ ገጽ እንደገና ይጻፋል።